የእማዬ የቡና መፍጫ

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ስገባ ለእማዬ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ይዤላት ሄድኩ። እጇን ያማታል። ዘነዘናውን በሁለት እጇ ስታነሳ ማየት አልቻልኩም።

የአሜሪካው መሰኪያ ሁለት ጠፍጣፋ እግር አለው። የእኛ ቤት ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ይህንን አውቄ አዳፕተር ይዣለሁ። ቡናው ተቆላ፣ ቤቱ በጭሱ ታወደ። ሰክቼ ቁልፉን ስጫነው መፍጫው ጮኸ። እዚያ ስሞክረው የማውቀው ድምፅ አይደለም፤ ያፏጫል። ወዲያው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ጭስ ወጣ፣ ዝም አለ። እማዬ «ተይው ልጄ፣ አንቺን ብቻ አይንካሽ» ብላ ሙቀጫዋን ሳበች። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ አደረ።

አዳፕተር የሚያስተካክለው እግሩን ብቻ ነው። የሚመጣውን መብራት አይነካም። አሜሪካ ግድግዳው ውስጥ ያለው 120 ቮልት ነው፣ ኢትዮጵያ 220። ምስኪኑ መፍጫ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቮልት ነው የወረደበት።

ለእናታችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ አብዛኛውን ጊዜ «100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ይላል። እሱ በአዳፕተር ብቻ ይሠራል። 120 ብቻ ካለ ግን ተዉት። በተለይ ካውያና የፀጉር ማድረቂያ ያስፈራኛል። የሚያሞቅ ዕቃ ቮልቱ እጥፍ ሲሆንበት ኃይሉ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። አሜሪካ 1500 ዋት የነበረ ማድረቂያ አዲስ አበባ ላይ ወደ 5000 ይጠጋል። ቤት ያቃጥላል። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለ፤ ግን ያንን ያህል የሚችለው ከባድ ብረት ነው፣ ሻንጣችሁን ይጨርሰዋል።

በተቃራኒውም ያው ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን ምጣድ እዚህ ስትሰካው አልግል አላት። እንጀራው ዓይን አላወጣም፣ ሊጡ ላይ ፈረደች። 3500 ዋት የሚስበው ምጣድ በ120 ቮልት 1000 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚያገኘው። እዚህ ቤት ውስጥ ለኤሌክትሪክ ምድጃና ለልብስ ማድረቂያ የሚገባ 240 ቮልት መስመር አለ። ኋላ ባለሙያ አስጠርታ ከዚያ ለብቻው አስቀጠለችው። እንጀራው ያኔ ተነሳ።

ለእማዬ መፍትሔው የመጣው ከዱባይ ነው። እህቴ እዚያ ትሠራለች። የዱባይ ሶኬት እንደ እንግሊዙ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ ቮልቱ ግን ከእኛ ጋር ይስማማል። ከመግዛቷ በፊት የዕቃውን ሥር ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «220-240» ይላል። «ግዢው» አልኳት።

አሁን እኔ ልተኛ ስል እማዬ የጠዋት ቡናዋን ታፈላለች። ስደውልላት መፍጫው ሲያጉረመርም ይሰማኛል። «ቆይ ልጄ፣ ትንሽ ቀርቶታል» ትለኛለች።