ስትፈልግ የምትነሳው ሞተርሳይክሌ
አሮጊቷ ሞተርሳይክሌ ጠዋት በአንድ ንክኪ ትነሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ገበያ መካከል ግን «ጠቅ» ትልና ዝም! በእግር መርገጫዋ ስታገል ያላየኝ ሰው የለም።

ዛሬ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ክፍል) ልፈታ መፍቻ ሳነሳ፣ ጡረታ የወጡት መካኒክ ጎረቤቴ «ልጄ፣ መጀመሪያ ለካ» አሉኝ። ባትሪው 12.6 ቮልት። ማስነሻውን ስጫነው 12.4። ባትሪው ደክሞ ቢሆን ኖሮ ከ10 በታች ይወርድ ነበር። ማስነሻውን እንደተጫንኩ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ሲለኩ ግን፣ ከግማሽ ቮልት መብለጥ የማይገባው ቁጥር 9 ሆነ! ኤሌክትሪኩ በዚያ መስመር ላይ እንቅፋት ገጥሞታል ማለት ነው።

ለካ ኔጌቲቭ ገመዱ ሞተሩ ላይ የታሰረበት ብሎን ሥር አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አጠበቅኩት። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፤ አሥሩንም ተነሳች።

ባለፈው ወር አዲስ ባትሪ መግዛቴን ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።