ኡሱ ተራራ ሥር የሚማሩ ልጆች

በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት በሆካይዶ የሚገኘው የኡሱ እሳተ ገሞራ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አራት ጊዜ ፈንድቷል፤ በ1910፣ ከ1943 እስከ 1945፣ ከ1977 እስከ 1978 እና በ2000 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዚያ አካባቢ ተወልዶ የሚያረጅ ሰው ፍንዳታውን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማየቱ አይቀርም፤ ዛሬ አንደኛ ደረጃ የሚማር ልጅም ቀጣዩ ሲመጣ የቤተሰብ ኃላፊ ወይም የከተማ ሹም ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል። የትምህርት ቤትና የጂኦፓርክ ትብብር ሲነሳ እኔ አስቀድሜ ይህን ቦታ የማስበው ለዚህ ነው።

ጂኦፓርክ ነዋሪው ተነሥቶ የሚታጠር ፓርክ አይደለም። የመሬት አፈጣጠር ታሪክ ጎልቶ የሚታይበት፣ ሰውም እንደ ወትሮው የሚያርስበትና የሚነግድበት አካባቢ ነው። ዩኔስኮ ፕሮግራሙን በ2015 በይፋ ሲቀበል ትምህርትን ከቅርስ ጥበቃና ከዘላቂ ልማት ጋር ዋና ተግባር አድርጎታል። የኡሱ ተራራን የያዘው የቶያ ኡሱ ጂኦፓርክ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ በ2009 ዓለም አቀፉን የጂኦፓርኮች መረብ ከተቀላቀሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጃፓን ጂኦፓርኮች አንዱ ነው።

ትምህርቱ ግን ከማዕረጉ ይቀድማል። በተራራው ግርጌ የምትገኘው የሶቤትሱ ልጆች ሾዋ ሺንዛንን እየወጡ የአካባቢያቸውን ታሪክ መማር የጀመሩት በ1980ዎቹ ነው። ሾዋ ሺንዛን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዓመታት ከእርሻ ማሳ ላይ እያበጠ የወጣ ተራራ ነው። ባለሙያ በቀላሉ በማይገኝበት በዚያ ጊዜ የአካባቢው ፖስታ ቤት ኃላፊ ማሳኦ ሚማትሱ ክር አግድም ወጥሮ፣ ዘወትር ከአንድ ቦታ እየተመለከተ፣ የተራራውን ዕድገት በሥዕል መዘገበ፤ ሥራውም በ1948 ኦስሎ ላይ ለዓለም የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዎች ቀርቦ አድናቆትን አተረፈ። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ይገኛል ብዬ አላምንም፤ ሳይንስ በክርና በእርሳስ፣ ያውም በጎረቤት ሰው እጅ ሲሠራ ያሳያልና።

በመጋቢት 2000 መሬቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወደ 16 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከፍንዳታው በፊት ወጥቶ አንድም ሰው አልሞተም። ምስጋናው በቅድሚያ ለተመራማሪዎቹና በ1995 ለነዋሪው ለታደለው የአደጋ ካርታ ነው። ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያ የሚሠራው የሚሰማው ሕዝብ ነገሩን አስቀድሞ ሲያውቀው ብቻ ነው።

ይበልጥ የሚያስቀናኝ በ2008 የተጀመረው «የእሳተ ገሞራ ማይስተር» አሠራር ነው፤ የአካባቢው ነዋሪዎች ተፈትነው ማዕረጉን ያገኙና ተማሪዎችንና ጎብኚዎችን ያስተምራሉ። በ2000 የተሰነጣጠቀው መንገድና ከተራራው የተወረወረ ድንጋይ የደበደበው መዋዕለ ሕፃናት ሳይጠገኑ ለማስተማሪያነት ተትተዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር በጃፓንም በየጥቂት ዓመቱ ይዛወራል፤ ነዋሪው ግን እዚያው ነው። ጂኦፓርኩ ለትምህርት ቤቱ የሚያበረክተው ትልቁ ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ሙዚየሙ ሳይሆን ይህ የማይዛወር አስተማሪ ነው። በዓመት አንድ ቀን በአውቶቡስ ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ይህን አይተካም።

እኛ ስለ ስምጥ ሸለቆ የምንማረው ከመጽሐፍ ካርታ ላይ ነው፤ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ የሚማሩ ልጆችም እንደዚሁ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥና በርካታ ሕዝብ ከቀየው ሲወጣ፣ ብዙ ወላጅ ለልጁ ጥያቄ የሚሰጠው ምላሽ እንዳልነበረው እገምታለሁ። መተሐራ ላይ ግን ማስተማሪያው ደጅ ነው፤ ፈንታሌ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አለ፣ መንገድና የባቡር ሐዲድ እስኪያሰጋ ድረስ የሰፋው የበሰቃ ሐይቅም አለ። ሐይቁ ቀድሞ የት ድረስ እንደነበር የሚያሳዩ አዛውንቶችን ጋብዞ፣ ዳርቻውን በካስማና በገመድ በየወሩ እየለካ በደብተር የሚመዘግብ የተማሪዎች ክበብ ለማቋቋም የዩኔስኮን ማዕረግ መጠበቅ አያስፈልግም።