«አይ አም ቬሪ ቦሪንግ»

ለሒሳብ ሠራተኛነት አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ የቀረብኩ ዕለት፣ ከሦስቱ ጠያቂዎች መካከል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያሳረፉት ወይዘሮ የቀድሞ ሥራዬን ለምን መልቀቅ እንደፈለግሁ በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው ያደርኩት መልስ ስለነበር ሥራው በጣም ሰልችቶኛል ለማለት በልበ ሙሉነት «ቢኮዝ አይ አም ቬሪ ቦሪንግ» አልኳቸው።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና በአማርኛ «ታዲያ እኛንስ አታሰለቸንም?» አሉኝ።

ነገሩ ስላልገባኝ ፍላጎቴን ይበልጥ ለማሳየት «አይ አም ኢንተረስቲንግ ኢን ዩር ካምፓኒ» ብዬ ጨመርኩበት። በስተግራ የተቀመጠው ወጣት ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲታገል ባየሁ ጊዜ ላብ አጠመቀኝ፤ ይቅርታ፣ ግራ ገብቶኛል ለማለት «ሶሪ፣ አይ አም ኮንፊውዚንግ» አልኩ።

«ይኼኛው ትክክል ነው» አሉ ወይዘሮዋ።

ቤት ገብቼ የሆነውን ስናገር፣ አሥረኛ ክፍል የምትማረው ታናሽ እህቴ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ «ወንድምጋሼ፣ አንተ ፈሪ ነህ ወይስ አስፈሪ?» ስትል ጠየቀችኝ። ፈሪ መሆኔን አልደበቅኋትም። «እንግዲያው ‹ኢንግ› የሚጨመርበት ስሜቱን የሚፈጥረው፣ አስፈሪው ነው፤ ‹ኢድ› የሚጨመርበት ደግሞ ስሜቱ የደረሰበት፣ የፈራው ነው። ሥራው ቦሪንግ፣ አንተ ቦርድ» አለችኝ።

ለካ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ አሰልቺን ከስልቹ፣ ግራ አጋቢን ግራ ከተጋባ ለይቼ የኖርኩ ሰው እንግሊዝኛ ላይ ስደርስ ነው የጠፋብኝ! ጥፋቱን በከፊል የማላክከው «ኢንግ» ማለት አሁን እየተካሄደ ያለ ድርጊት ነው ብለው ባስጠኑን መምህር ላይ ነው፤ እኔም በዚያ ስሌት አሁን እየሰለቸኝ ስለሆነ ቦሪንግ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። እርግጥ መምህሩም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ እህቴ ምድጃው ላይ የሚፈላውን ውኃ «ቦይሊንግ»፣ ጠዋት አፍልታ በጀሪካን ያቀዘቀዘችውን ደግሞ «ቦይልድ» እያለች አሳይታኛለች።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። ወይዘሮዋ ነበሩ፤ ሥራውን አሁንም እንደምፈልገው ለማወቅ «አር ዩ ስቲል ኢንተረስትድ?» አሉኝ። ዳግመኛ ላለመዋረድ ከመመለሴ በፊት በልቤ ፈሪና አስፈሪን እያፈራረቅሁ ስመዝን ዝምታዬ በዛና «ሃሎ፣ ይሰማል? ማን ልበል?» ሲሉኝ ደንግጬ «ፈሪው! ፈሪው ነኝ!» ብዬ ጮኽኩባቸው።