ወተት የመሰለው ዘይት

ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ አዛውንት መካኒክ የፒክአፓችንን የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ብሎን ሲፈቱት፣ ጠቁሮ መውረድ የነበረበት ዘይት ወተት እንደበዛበት ማኪያቶ ነጥቶ ጣሳው ውስጥ ተንዠቀዠቀ። «ልጄ፣ ይኼ ውኃ ጠጥቷል፤ የቦርከናን ወንዝ ከተሻገርክ ወዲህ አስፈትተህ አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር።

ረጅም መንገድ ሄዶ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ አየር የሚያስገባውና የሚያስወጣው መተንፈሻ ከተደፈነ ደግሞ ውኃውን በአክስሉ (ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ) ዳር ባለው የዘይት መያዣ ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። የእኛው መተንፈሻ ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ ነው፤ የደረቀ ደለል እንደ ቡሽ ተወትፎበታል። አዛውንቱ በሽቦ ጠራርገው ቀጭን ቱቦ ገጠሙለት፣ በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) አጠበቁት፣ ጫፉንም ውኃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አሰሩት።

በካናዳ የሚሠራው፣ በየብስም በውኃም የሚሄደው አርጎ የተባለው ባለ ስምንት ጎማ ተሽከርካሪ እንኳ ከውኃ ከወጣ በኋላ ሆዱ ውስጥ የገባው ውኃ መፍሰስ፣ የአክስሉ ኩሽኔታዎችም ግራሶ ማግኘት አለባቸው። እኛ ግን ለየብስ ብቻ በተሠራ መኪና ክረምቱን ሙሉ ወንዝ እየተሻገርን የምናጥበው ውጪውን ብቻ ነው። ዛሬ የተሞላውን አዲስ ዘይትም፣ የቀረ ውኃ ካለ ይዞት እንዲወጣ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግመን እናወርደዋለን።