በውጤት ብቻ አይደለም፦ ልጄን አሜሪካ ኮሌጅ ያስገባሁበት መንገድ

እኛ የማትሪክ ልጆች ነን። አንድ ፈተና ትፈተናለህ፣ አንድ ቁጥር ይወጣልሃል፣ በቁጥሩ ትገባለህ ወይ ትቀራለህ። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ሲነሳ ብዙዎቻችን ለልጆቻችን የምንሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «አንተ ብቻ ተማር፣ ሌላውን ተወው።» ባለቤቴ እስከ ዛሬ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ትልቋን ልጄን ቨርጂኒያ አሳድጌ በ2024 ኮሌጅ አስገብቻለሁ። ምክሩ ግማሽ ነው። ስለ ቀሪው ግማሽ ልጻፍ። (ዓመቱንና ወሩን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ቅጹ ሁሉ በእሱ ስለሚሞላ ለመድኩት።)

ደግሞ እውነቱን ከተነጋገርን ማትሪኩም ቁጥር ብቻ አልነበረም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለሴቶች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ይል ነበር። ለታዳጊ ክልል ተማሪዎችም እንደዚያው። የእኔ ውጤት ለወንዶቹ ከተቆረጠውም በላይ ነበር። ግን ማን ይጠይቃል? ግቢ ውስጥ ሴት ከሆንሽ «በአፈርማቲቭ የገባች» ነሽ፣ አለቀ። ዶርም የምትጋራኝ ልጅ ደግሞ ከጋምቤላ ነበር የመጣችው። ላብራቶሪ የሚባል ነገር ሳታይ ነው ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰችው። እሷ በዚያ ትምህርት ቤት ያመጣችውን ነጥብ እኔ እዚያው ብማር ኖሮ አላመጣውም። ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ስለዚህ አሜሪካ መጥቼ «መግቢያው ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን ሙግት ስሰማ እንግዳ አልሆነብኝም።

የምንኖረው ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ቶማስ ጀፈርሰን የሚባል የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ሰው ሁሉ ቲጄ ነው የሚለው። የመንግሥት ነው፣ ግን ተማሪው ተመርጦ ነው የሚገባው። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ሳለች መግቢያው በፈተና ነበር፤ ለማመልከት ብቻ 100 ዶላር ይከፈል ነበር። እኛ ወሬውን የሰማነው ዘግይተን ነው። ጎረቤቶቻችን ከህንድ የመጡ ናቸው፤ ልጃቸውን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ማስጠኛ ያመላልሱት ነበር። የእኔ ልጅ ሳትፈተን ቀረች። በዚያ ዓመት፣ በ2020፣ ከ480 በላይ ልጆች ተቀባይነት አገኙ። የጥቁሮቹ ቁጥር ግን በጣም ከማነሱ የተነሳ በይፋ እንኳ አልወጣም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የትምህርት ቦርዱ ፈተናውንም ክፍያውንም አስቀረ። ከእያንዳንዱ መካከለኛ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ 1.5 በመቶ ለሚሆኑት ቦታ ተያዘ። በቀጣዩ ዙር የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ወደ 7 በመቶ ወጣ። የኤዥያውያን ድርሻ ከ73 ወደ 54 በመቶ ወረደ። ወላጆች ከሰሱ። በፌብሩዋሪ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ስላለ አዲሱ አሠራር ጸና።

ከጎረቤቴ ጋር በዚህ ነገር አጥር ላይ ቆመን ብዙ ተከራክረናል። የእሱ ሐሳብም ባዶ አይደለም። ልጁ ለፍቶ ነው ያደገው፤ እሱም እንደኛ ስደተኛ ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበል ዘርን ያያል ተብሎ በተመሠረተበት ክስ የኤዥያውያን አመልካቾች «የግል ባሕርይ» በሚባለው መመዘኛ ከሌላው ያነሰ ነጥብ ይሰጣቸው እንደነበር በችሎት ሲወጣ፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ደሜ ይፈላ ነበር። የማልስማማው «ፈተናው ንጹሕ ነበር» በሚለው ላይ ነው። ወሬውን ሦስት ዓመት ቀድሞ የሰማና ዘግይቶ የሰማ እኩል አልተፈተኑም።

አሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ልጄ ለቀጣዩ ዓመት ከበድ ያለውን የሒሳብ ኮርስ መረጠች፤ ወደ ኤፒ ካልኩለስ፣ ማለትም በኮሌጅ ደረጃ ወደሚሰጠው ሒሳብ፣ የሚወስደውን። የትምህርት ቤቷ ካውንስለር (በኮርስ ምርጫ የምታማክራቸው) «ይከብድሻል፣ ጭንቀት ይበዛብሻል፣ ቀለል ያለውን ውሰጂ» አለቻት። ልጄ በሒሳብ ኤ ነበራት። ቢ ያላት ነጭ ጓደኛዋ ያንኑ ኮርስ «በርቺ» ተብላ ተመዝግባለች።

ባለቤቴ «ሴትዮዋ ደግ ናት፣ አስባላት ነው» አለ። ሊሆን ይችላል። ማንም ልጄን አልጠላትም፣ ማንም ክፉ አልተናገራትም። ፈገግ ብለው ዝቅ አደረጓት እንጂ። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚመጣው እንደዚያ ሆኖ ነው። የሚሳደብህን ታውቀዋለህ፤ የሚያዝንልህ ግን መንገድህን ሲያሳጥርብህ እንኳ ታመሰግነዋለህ።

እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። ስልክ አልደወልኩም፣ በአካልም አልሄድኩም። ኢሜይል ጻፍኩ። ወደዚህ ኮርስ ለመግባት መስፈርቱ ምንድን ነው? ልጄ ታሟላለች ወይ? ካላሟላች የጎደላት ምንድን ነው? የውጤት ወረቀቷን አያያዝኩ። ስለ ዘር አንድ ቃል አላነሳሁም። ፈርቼ አይደለም። ዘረኛ ነሽ ካልናት ስለ እሷ ልብ ስናወራ ውለን እናድራለን። መስፈርቱን ከጠየቅናት ግን የምናወራው ስለ ልጄ ነው። ደግሞም በጽሑፍ የተጠየቀ ሰው በጽሑፍ ይመልሳል። የኮርስ መመሪያቸው ላይም ለመማር የፈለገ ተማሪ መግባት እንደሚችል ተጽፏል። ልጄ ብዙም ሳይቆይ ተመዘገበች።

እንግዲህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ስትል፣ ጁን 29 ቀን 2023፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሃርቫርድንና የኖርዝ ካሮላይናን ጉዳይ ወሰነ። ዘርን ለመግቢያ መመዘኛ ማድረግ ተከለከለ። ቴሌግራም ግሩፓችን በአንድ ቀን ተገለበጠ። ግማሹ «አለቀልን» አለ። ግማሹ «እሰይ፣ አሁን በችሎታ ብቻ ሆነ» አለ። ውሳኔውን ያነበበ ግን ያለ አይመስለኝም። እኔ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አነበብኩት፤ ረጅም ነው፣ አይመከርም። ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ መጨረሻው ላይ አንድ በር ትተዋል። ተማሪው ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን፣ መድልዎም ይሁን መነሳሳት፣ ሊጽፍ ይችላል። ዩኒቨርሲቲውም ያንን ልጁ ካሳየው ብርታት ወይም ችሎታ ጋር ካያያዘው ሊያየው ይችላል። ቅጹ ላይ ዘር በሚጠየቅበት ሳጥን ምልክት ስላደረግህ ግን ምንም አይጨመርልህም።

«በችሎታ ብቻ ሆነ» ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በሃርቫርድ ክስ ከወጡት መረጃዎች በተሠራ ጥናት፣ ተቀባይነት ካገኙት ነጭ ተማሪዎች ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስፖርተኞች፣ እናት ወይም አባታቸው እዚያ የተማሩ፣ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች፣ ወይም ዲኑ ለብቻ በሚይዘው ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ይህን አልነካም። ቨርጂኒያ በ2024 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ «አባቱ እዚህ ተምሯል» የሚለውን ብልጫ በሕግ ከልክላለች። ሜሪላንድ በዚያው ዓመት የግሎቹንም ጨምራ ከለከለች። ስለዚህ ግሩፕ ላይ ስንጨቃጨቅ እስቲ ይሄንንም እናንሳው።

ወደ ድርሰቱ ልመለስ። ኮመን አፕ ላይ፣ ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚቀበሉት የማመልከቻ ቅጽ፣ ዋናው ድርሰት ቢበዛ 650 ቃል ነው። ልጄ መጀመሪያ የጻፈችው የእኛን ታሪክ ነበር። «እናቴ በዲቪ መጣች፣ አባቴ ሌሊት ታክሲ ነዳ፣ ለእኔ ሲሉ ተሰቃዩ» ትላለች። አንብቤ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የእኔ ማመልከቻ ነው፣ አንቺ የት አለሽ?» አልኳት። ትንሽ አኮረፈች።

ከዚያ ተቀምጠን አወራን። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ደብዳቤ ይዘው ይመጡባታል። ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ የመንግሥት የጤና መድን)፣ የቤት ኪራይ ድጎማ፣ የትራፊክ ቅጣት። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ምን ይላል?» ይሏታል። ታነብላቸዋለች፣ ትደውልላቸዋለች። አንድ ነገር ግን እያስተዋለች ነው ያደገችው። እማማ ራሳቸው ሲደውሉ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ይቆጣል፣ ያቋርጣል፣ «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አምጪ» ይላል። እሷ በእንግሊዝኛዋ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቅ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። በአካል አብራቸው ስትሄድ ግን እንግሊዝኛዋ አያድናትም፤ መስኮቱ ጋ ስትቀርብ ፊቷን አይተው እሷንም እንደ እማማ ያደርጓታል። ስለዚህ የስልክ ጥሪዎቹን ቀንና የተሰጠውን መልስ ደብተር ላይ መመዝገብ ጀመረች። ቅሬታ ማስገባት ለሚፈልጉትም ደብዳቤውን ጻፈችላቸው። ድርሰቱ ይህ ሆነ። «ዘረኝነት» የሚለው ቃል አንዴም አልገባበትም። ያነበበው ሰው ግን ልጅቷ ምን እንደምታይና ምን እንደምታደርግ ያውቃል።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ፤ ወደ ራሳችን።

ልጄ ካመለከተችባቸው አንዱ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ዋሽንግተን ያለ፣ በታሪክ የጥቁር አሜሪካውያን የሆነ ዩኒቨርሲቲ ነው። ወሬው ሲሰማ ስንቱ ሰው ምን እንዳለኝ አልጽፈውም። «ከእነሱ ጋር?» የሚል ነበር፣ ባጭሩ። እነሱ ማናቸው? በ1988 ፖርትላንድ ውስጥ ለትምህርት የመጣውን ሙሉጌታ ሥራውን ራሳቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ሲገድሉት «አንተ ሐበሻ ነህ ወይስ ጥቁር አሜሪካዊ?» ብለው አልጠየቁትም። ሱቅ ውስጥ ልጄን ከኋላዋ የሚከተላት ዘበኛም አይጠይቃትም።

ሃዋርድን ደግሞ እኛ ልናውቀው ይገባን ነበር። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና አጥንተው በ1935 የተመረቁት ከዚያ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ያስተባበረውን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1937 የመሠረቱትም እሳቸው ናቸው። በ1924 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ የኮታ ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ነው፤ የሲቪል መብቶች ሕግ በወጣ በዓመቱ። በውሻና በውኃ እየተበተኑ የታገሉት እነዚያው «እነሱ» ናቸው። እኛ በተከፈተ በር ነው የገባን።

ነገሩ እዚህም አያበቃም። በ2007 የወጣ ጥናት በ28 ስመ ጥር ኮሌጆች ካሉ ጥቁር ተማሪዎች 27 በመቶ የሚሆኑት ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚያ መካከል አይቪ ሊግ በሚባሉት አንጋፋ ኮሌጆች 41 በመቶ ነበር። ማለትም አያቶቻቸው በባርነት ለተገዙ ልጆች ማካካሻ ይሆናል ተብሎ ከተከፈተው ቦታ እኛና ናይጄሪያውያን ብዙ ተጠቅመናል። ጥቁር አሜሪካውያን በዚህ ቅር ሲሰኙ እኔ ይገባኛል። ለልጄ የነገርኳት ሳጥኑን እንዳትሸሽው ነው፤ አንቺ ጥቁር ነሽ፣ ግን የእነሱን ታሪክ የራስሽ አድርገሽ አትጻፊ።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። የእኔ ዙር ወላጆች ያስታውሱታል፤ አዲሱ ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት ድጎማ የሚጠየቅበት ቅጽ) በኦክቶበር መከፈት ሲገባው በዲሴምበር 2023 መጨረሻ ነው የተከፈተ፣ እሱም እየተንገዳገደ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅ ያላቸው ልጆች ለወራት ተንገላቱ። ዋጋ አይታችሁ ግን አትደንግጡ። አንዳንድ ሀብታም የግል ኮሌጅ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ከመንግሥቱ ሊረክስ ይችላል። እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የወጪ ማስያ አለው፤ ከማመልከታችሁ በፊት ሙሉት። የማመልከቻ ክፍያም ለማይችል ይሰረዛል፤ መጠየቅ ነው።

ልጄ ጥቂቱ ተቀበላት፣ ጥቂቱ መለሳት፣ አንዱ ተጠባባቂ አደረጋት። ሃዋርድ ተቀብሏታል፤ ያገኘችው ገንዘብ ግን አልበቃም። እዚሁ ቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገባች። እኔ ሃዋርድ ብትሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ሒሳቡ እምቢ አለ።

በዚያው መኸር ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ በኋላ ስለገቡ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ወጡ። ስመ ጥር በሆነው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኤምአይቲ አዲስ ከገቡት ተማሪዎች መካከል ጥቁሮች ከ13 በመቶ ገደማ ወደ 5 ወረዱ። በአምኸርስት ኮሌጅ ከ11 ወደ 3። ባለቤቴ «ቢያንስ አሁን ማንም ሰው በቀለሟ ነው የገባችው አይላትም» አለ። ልጄ ለምስጋና ቀን ቤት ስትመጣ ነገረችው። የቡድን ሥራ ላይ አንዱ ልጅ «አንቺ ደግሞ በምን ኮታ ገባሽ?» ብሏታል። እሷም «ካልኩለስ ፈተና ላይ 5 አምጥቼ፤ አንተስ?» ብላዋለች። 5 ከፍተኛው ውጤት ነው፤ እሱ አላመጣም።

ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ጀምሯል። የኮርስ ምርጫው በዚህ አገር ብርድ ወቅት አጋማሽ ይመጣል። ለካውንስለሩ ከወዲሁ መስፈርቱን ጠይቄ ኢሜይል ልኬለታለሁ። ኮፒው ላይ ባለቤቴን ከትቼዋለሁ።