ለውጭ አገር ተማሪ ክፍል ስታከራዩ

ስድስት ኪሎ አካባቢ ለውጭ አገር ተማሪ ክፍል የምታከራዩ፣ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን አስረዱት። «ነገ ሦስት ሰዓት» ብላችሁ ቀጥራችሁት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከች ቢል አይገርምም፤ በእሱ ስልክ ሦስት ሰዓት የሚሆነው ያኔ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ እነሱም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው። ውል ላይ ቀን ስትጽፉ ዓ.ም. ወይስ እ.ኤ.አ. እንደሆነ ለዩ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ጣጣው ብዙ ነው።

አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ራሱን ቢያመው፣ እንቅልፍ ቢያጣ ሰነፍ አትበሉት። ውኃ ይጠጣ፣ ስፖርቱን ለጊዜው ይተው። ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

በሁዳዴ 55 ቀን ብዙ ሥጋ ቤቶች እንደሚዘጉ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ብቸኝነቱ የሚብሰው በበዓል ነው፦ ግቢው ጭር ይላል፣ ካፌው ይዘጋል። ጥሩት እንጂ! ዶሮ ወጡ ካቃጠለው አልጫ አቅርቡለት፤ «በሞቴ» እያላችሁ ጉርሻ አታብዙበት፣ እምቢ ማለት እንደሚቻል ገና አያውቅም።