ስም ሲወጣለት

የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች «የዓመቱ ቃል» ይመርጣሉ። እኔ በጉጉት ነው የምጠብቀው። «ወሬ ነው፣ ነገ ይረሳል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አልስማማም።

እስቲ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦክስፎርድ «ሰልፊ»ን መረጠ፤ ካሜራውን ወደ ራሳችን ያዞርንበት ሰሞን ነበር። በ2020 ኮሊንስ «ሎክዳውን» አለ፤ በኮሮና ሰሞን ከቤት አትውጡ የተባልንበት ማለት ነው። ኦክስፎርድ ደግሞ ያን ዓመት አንድ ቃል አልበቃ ብሎት ብዙ ቃላት ዘረዘረ። በ2024 የመረጠው «ብሬን ሮት»ን ነው፤ ስልክ ላይ እርባና ቢስ ነገር ሲያዩ በመዋል የሚመጣ የአእምሮ መበስበስ ማለት ነው። ቃሉ በጽሑፍ የታየው ግን በ1854 ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ፣ የሚፈልገው ትውልድ ሲመጣ ተነሳ።

ከሁሉም የጃፓኖቹ ደስ ይለኛል። የእነሱ አንዱ ፊደል ብቻውን ትርጉም አለው፤ ሕዝቡ የዓመቱን ፊደል ይመርጣል፤ ከዚያ በኪዮቶው ኪዮሚዙ ቤተ መቅደስ አንድ መነኩሴ በትልቅ ወረቀት ላይ በብሩሽ ይጽፈዋል። ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ በፈረሰችበት በ1995 የተመረጠው «መንቀጥቀጥ» የሚለው ነበር። በ2011 የባሰ መጣ፤ ከመንቀጥቀጡ ላይ ሱናሚ ተጨመረ። ያኔ ግን ሰው የመረጠው «ትስስር»ን ነው። መጀመሪያ ያገኛቸውን መከራ ጠሩ፤ በሁለተኛው ደግሞ የተደገፉበትን። ስለዚያች አገር ሐዘን ይህን ያህል የነገረኝ ዜና የለም።

እኔ ግን ከልቤ የምወዳቸው ቃላት ሌሎች ናቸው። ሰው ለዘመናት ሲሸከመው ለኖረው ነገር ስም የሚያወጡት።

እናቴ ወጣት ሳለች በአለቃዋ ምክንያት ሥራ ለቃለች። የነገረችኝ አድጌ ነው። ያኔ ሰው ሲጠይቃት «አልተስማማኝም» ብቻ ትል ነበር። ምን ትበል? «ጾታዊ ትንኮሳ» የሚባል ቃል አልነበራትም። የነበራት ኀፍረት ብቻ ነው።

ካርሚታ ዉድም እንዲሁ ነበረች። በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኢትካ ከተማ ውስጥ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። የበላይዋ እጁን አልሰበስብ ሲላት ሥራዋን ለቀቀች። ለሥራ አጥ የሚሰጠውን ክፍያ ስትጠይቅ ለምን እንደለቀቀች ተጠየቀች። ጨንቋት «በግል ምክንያት» አለች። ተከለከለች። በ1975 እሷና ሌሎች ሴቶች ተሰብስበው ሲያወሩ ለካ የሁሉም ታሪክ አንድ ነው። ለደረሰባቸው ነገር «ጾታዊ ትንኮሳ» የሚል ስም ሰጥተው አደባባይ ወጡ። በ1986 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሕግ የሚከለክለው መድልዎ ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። ቃሉ ብቻውን ይህን አላደረገም፤ ሴቶቹ ናቸው ያደረጉት። ግን ስም የሌለውን ነገር ይዞ ማን ጋ ይከሰሳል?

«ጋዝላይቲንግ»ም እንዲሁ ነው። ያየኸውን አላየህም፣ የሰማኸውን አልሰማህም እያሉ ሰውን በገዛ አእምሮው እንዲጠራጠር ማድረግ። ሜሪየም ዌብስተር በ2022 መረጠው። ዛሬ ልጆቹ በየቦታው እንደሚሉት፣ አንዳንዴም ተራ አለመግባባትን በዚህ ስም እንደሚጠሩት አውቃለሁ። ይሁን። ቃል ከማጣት ቃል ማብዛት ይሻላል። ስለዚህ «ወጣቶች ቋንቋ አበላሹ» ሲባል ያናድደኛል። ያመጡትን ቃል ከመንቀፋችን በፊት ምን ሊነግሩን ፈልገው እንደሆነ እንጠይቃቸው።

ገና ስም ያልወጣለትም አለ። ስልኬ የሞተ ጓደኛዬን ልደት አስታውሶ «እንኳን አደረሰህ በሉት» ሲለኝ የሚሰማኝ ነገር አንዱ ነው። ሐዘን ብቻ አይደለም፤ ድንጋጤ ብቻም አይደለም። ከእኛ በፊት የነበረ ትውልድ ይህ አልገጠመውም። ስም ያወጣችሁለት ካላችሁ ንገሩኝ፤ የምሬን ነው።